የጠፈር መርከብ በዳሎል ሰማይ ላይ

በጋሞ ደጋ ላይ ባለችው ገረሴ፣ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ትንንሽ ከተሞች፣ ፊልም ሰው እጅ የሚገባው በሚሞሪና በፍላሽ ነው። ሞባይል ቤት ጎራ ብሎ «ጫንልኝ» ማለት ነው። ከሚጫነው መካከል የህንድ አለ፣ የኮሪያ አለ፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ድራማ አለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የፍቅር ኮሜዲም አለ። ሆረርም አይጠፋም፤ እሱ ግን የፈረንጅ ነው። ኢትዮጵያውያን ተዋንያን በአማርኛ የሚነጋገሩበት፣ በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጸ፣ ዓለም ካለቀላት በኋላ ያለውን ዘመን የሚያሳይ ፊልም መኖሩን የሚያውቅ ግን፣ ገረሴ ቀርቶ አዲስ አበባም ውስጥ ቢፈለግ ጥቂት ነው። ፊልሙ አለ። ስሙ «ክረምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ እንደ ማለት። በ2015 በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታየ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በየአገሩም «የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንስ ፊክሽን» እየተባለ ተዋወቀ።

ዳይሬክተሩ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ሚጌል ያንሶ በ1979 ማድሪድ የተወለደ፣ ፍልስፍና ተምሮ ወደ ፊልም የገባ፣ አዲስ አበባም ለዓመታት የኖረ ስፔናዊ ነው። በ2010 «ውሻዬ የት አለ?» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ። በ2013 ደግሞ «ፋንታ አናናስ» በሚል የቀልድ ስም «ቺገር ኤል»ን አወጣ። በዚህ አጭር ፊልም ካዛንቺስ በነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ሰው ሁሉ እስክስታ ሲወርድ፣ አንድ የሂትለር ግልባጭ ብቻውን የሰፈሩ መሳቂያ ሆኖ ይታያል። ፋሺስትን በጦር ሜዳ የገጠመ ሕዝብ ሂትለርን መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያላግጥበት ማየት ለእኛ የተለየ ጣዕም አለው፤ አውሮፓዊው ተመልካች በዚያው ልክ የሚረዳው አይመስለኝም። ካዛንቺስ በ2024 ሲፈርስ ፈንዲቃም አብሮ ስለሄደ፣ ያ የቀልድ ፊልም ዛሬ ሳያስበው የታሪክ ማስረጃ ሆኗል።

«ክረምብስ» ላይ ግን ረዘም አድርጎ መቆየት ያስፈልጋል። ታሪኩ ቀላል ነው። ትልቁ ጦርነት ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የሰው ዘር ተመናምኗል፤ አንድ ዝገት የበላው የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ካንዲና በርዲ የሚባሉ ፍቅረኞች በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መርከቡም ሊነሳ ነው ተብሎ ይታመናል። ራሱን ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አድርጎ የሚቆጥረው ካንዲ አገሩ የሚገባበትን መንገድ ፍለጋ ይወጣል። በመንገዱም ጠንቋይ ይገጥመዋል፣ የገና አባት ይገጥመዋል።

ሳቁ ያለው በዕቃዎቹ ላይ ነው። ከዛሬው ዓለም የተረፈው ነገር የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላና ይህን የመሰለ ኮተት ነው። ባለ ሱቁ እያንዳንዱን ዕቃ እያገላበጠ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይተምነዋል፤ የሌለ ታሪክም ይፈጥርለታል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ደግሞ ጸሎት የሚደርሰው አምላክ ሆኗል። ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው ይህን ቀልድ አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይረዳዋል፤ የውጭ አገር ውዳቂ እዚህ ሲደርስ ሁለተኛ ዕድሜና አዲስ ክብር እንደሚያገኝ እናውቃለንና። ቀልዱ የተቀለደው በድሃው ላይ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ኮተት ለዓለም ባመረተው ሥልጣኔ ላይ ነው።

ፍርሃቱን የተሸከመው ቦታው ነው። ፊልሙ ከተቀረጸባቸው ስፍራዎች አንዱ ዳሎል ነው። በአፋር፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ይህ ስፍራ በአንድ ወቅት የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ነበረው፤ ዛሬ በጨው ጡብ የተሠሩ ግድግዳዎች ብቻ ቆመውበታል። ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መረጃ መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው የምድር ስፍራዎች ከፍተኛ ተብሎ የተያዘ አኃዝ ነው። የሆሊውድ ዳይሬክተር ይህን መልክ ለማግኘት ስቱዲዮ ሙሉ ሰው ያሰልፋል። ያንሶ ካሜራውን ተክሎ ዝም አለ። መርከቡም ቢሆን እሳት አይተፋም፣ አይዋጋም፤ ሰማዩ ላይ ተገትሮ ይውላል። ገንዘብ ያነሰው ፊልም ዝምታን መጠቀም ሲያውቅ የሚያገኘውን ኃይል እንዲህ አድርጎ ያሳየ ሥራ ከአገራችን ፊልሞች መካከል ብዙ አላየሁም።

ስለ ተዋንያኑም መናገር ይገባል። በርዲን የምትጫወተው ሰላም ተስፋዬ ናት፤ የገረሴው ወጣት ከሚሞሪው ላይ በፍቅር ፊልሞች የሚያውቃት ራሷ ሰላም። ካንዲ ሆኖ የሚሠራው ዳንኤል ታደሰ ነው። አጭር ቁመቱና ጎበጥ ያለ ትከሻው ከተለመደው የፊልም ጀግና የተለየ ነው፤ በአማርኛ ኮሜዲዎቻችን ልማድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ተዋናይ መሳቂያ ተደርጎ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር። እዚህ ግን ዋና ገጸ ባሕርይ ነው፣ አፍቃሪ ነው፣ ተፈቃሪም ነው፤ ስለ ቁመቱም ቀልድ የለም። የያንሶን ሥራ ከሁሉ በላይ የማከብርለት በዚህ ነው። ፊልሙ 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ መሐል ላይ የሚያንቀላፋባቸው ቦታዎችም አሉት።

ሁለተኛው ረጅም ፊልሙ በ2019 መጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገድ ያሳይሃል» ይሆናል፤ ስፔን፣ ኢስቶኒያ፣ ኢትዮጵያና ሌሎችም አገሮች የተጣመሩበት ነው። ዘመኑ 2035፣ ከተማው ታሊን። ዳንኤል ታደሰ የሲአይኤ ሰላይ ሆኗል፤ ሥራውን ትቶ ከሚስቱ ጋር የራሱን ንግድ መክፈት ይመኛል። ከዚያ በፊት ግን «ስታሊን» የተባለ ቫይረስ ያጠቃውን ኮምፒውተራዊ ዓለም ገብቶ ማዳን አለበት። በዚያ ዓለም ሰዎች የሚንቀሳቀሱት የታዋቂ ሰዎች ፎቶ የታተመበት የወረቀት ጭምብል አጥልቀው ነው። ሰለሞን ታሼ የሚጫወተው ባትፍሮ ደግሞ የባትማንን ልብስ የሚመስል ነገር ለብሶ «ቤታ ኢትዮጵያ» የምትባል አገር ይገዛል። በውሰት ልብስ የሚኮፈስ አምባገነን ለእኛ ከሳቅ አልፎ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ችግሩ መጨናነቁ ነው። ኩንግ ፉ አለ፣ የሰላይ ፊልም አለ፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ስላቅ አለ፤ አንዱ ሳይበስል ሌላው ይደረብበታል። በ2024 የወጣው «የማያልቅ በጋ» ጭራሹን ኢስቶኒያ ውስጥ የሚካሄድ፣ ወጣት ሴቶችንና አንድ የሜዲቴሽን መተግበሪያን የተመለከተ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ በሙያው እየበረታ ሲሄድ ከኢትዮጵያ እየራቀ ሄዷል ማለት ነው። ሰው ወደሚያሠራው ቦታ ይሄዳል፤ አልወቅሰውም።

ኮሜዲን፣ ሆረርንና ሳይንስ ፊክሽንን የቀላቀለ እሱ ብቻ አይደለም። ኒውዚላንዳዊው ፒተር ጃክሰን በ1987 ያወጣውን «ባድ ቴስት» ከጓደኞቹ ጋር በእረፍት ቀናት እየቀረጸ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን የሰውን ሥጋ ለፈጣን ምግብ ቤት ሲያቀርቡ ያሳያል። ያው ሰው በኋላ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ሠራ። ጆርዳን ፒል ከቴሌቪዥን ኮሜዲ ተነስቶ በ2017 «ጌት አውት»ን ሲያወጣ የአሜሪካን ዘረኝነት በሆረር ገለጠው፤ ለድርሰቱም ኦስካር አገኘ። በ2022 ባወጣው «ኖፕ» ደግሞ ወደ ሰማይ አንጋጧል።

ከእኛ ጋር ይበልጥ የሚቀራረቡት ግን የአፍሪካውያኑ ናቸው። ካሜሩናዊው ዣን ፒየር ቤኮሎ በ2005 ባወጣው «ሌ ሴኛንት» የ2025ዋን ያውንዴ በሬሳና በሙሰኛ ባለሥልጣን ሞልቶ አሳቀባት። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 «ፑምዚ» በተባለው አጭር ፊልሟ ውኃ ያለቀባትን ምሥራቅ አፍሪካ አሳየች። የካምፓላው ናብዋና በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?»ን በዋካሊጋ ሰፈር በአነስተኛ ገንዘብ ሠርቶ፣ በፊልሙ ላይ እየተናገረ የሚያሾፍ ቀልደኛ ጨመረበት። በየቪዲዮ ቤቱ ከፊልሙ ይልቅ ተርጓሚው ሲያስቀን ላደግን ኢትዮጵያውያን ይህ ምኑም እንግዳ አይደለም።

ታዲያ በአገራችን ለምን አልበረከተም? ሲኒማ ራሱ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ አዳራሹን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ፍርሃት በታሪካችን የተመልካቹ እንጂ የፊልሙ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የታየው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የማኅበራዊ ሕይወት ድራማ ነው፤ ዳይሬክተሩ ግሪካዊ ነበር። «ጉማ»ን የሠራው ሚሼል ፓፓታኪስም የዘር ሐረጉ ግሪክ ነው። ለአዲስ ዘውግ በር ከፋች ሆኖ የውጭ ትውልድ ያለው ሰው ሲመጣ ያንሶ የመጀመሪያው አይደለም። ከ2000ዎቹ ወዲህ ቪዲዮ ካሜራ ሥራውን ሲያረክሰው ፊልም ሠሪው በዛ፤ ትኬት የሚሸጠው ግን የፍቅር ኮሜዲ ሆነ። ከኪሱ አውጥቶ የሚሠራ ፕሮዲዩሰር ደግሞ አምና ባተረፈለት ላይ ዘንድሮም ይደግማል። ከዚህ መስመር ውጭ አስቀድሞ የወጣው ኃይሌ ገሪማ ነው፤ በ1993ቱ «ሳንኮፋ» አንዲት የፋሽን ሞዴል በጋና ምሽግ ውስጥ ወደ ባርነት ዘመን ተወስዳ ትገባለች። በጊዜ ውስጥ መጓዝ የሳይንስ ፊክሽን ዘዴ ነው፤ ገሪማ ያለ ምንም ማሽን፣ በመንፈስ ኃይል አደረገው። ውጤቱ ከብዙ ሆረር ይልቅ ያስፈራል።

ጋሞም ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አይደለም። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው ክልክል የሆነውን ሲያደርግ ጥፋቱ ተደብቆ አይቀርም፤ በከብቱ፣ በእህሉ ወይም በልጁ ላይ ይወጣል። መከራው ሲደርስ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ጥፋተኛው ይናዘዛል፣ ሽማግሌ ፊት ዕርቅ ይወርዳል። የተደበቀ በደል፣ ምልክት፣ ፍለጋ፣ ግልጠት፦ ጥሩ የሆረር ድርሰት የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው። ቀልዱም ከዚያው አይጠፋም። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር በ1970ዎቹ የጋሞ ወገን ስለሆኑት ዶርዜዎች በጻፈው ላይ፣ ነብር ክርስቲያን ስለሆነ እንደሚጾም የዶርዜ ሰው ይናገራል ይላል፤ ነገር ግን ያው ሰው ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከነብር ይጠብቃል። ጿሚ ነብር! የትኛው የሆሊውድ ጸሐፊ ይህን ያስበዋል?

መጻኢውን ዘመን የሚጨምረው ፊልም ሠሪው ነው። በ2060 በገረሴ ጎሜ ምን ይሆናል? ስልክ ላይ ተሰርዞ የቀረ መልእክት እንደ ጥፋት ይቆጠራል? ሽማግሌዎቹ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣራቸውን ይዘው ከማን ጋር ያስታርቁናል፣ ከሰው ወይስ ከማሽን?

በአርባ ምንጭ፣ በጨንቻና በገረሴ ካሜራ ላላችሁ ወጣቶች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ያንሶም በአጭር ፊልም ነው የጀመረው። የአገር ሽማግሌዎችን አስፈቅዱ፣ ተዋንያኑን በጋሞኛ አናግሩ፣ ከሥር አማርኛ ጽፋችሁ አስገቡ። ሲያልቅ ሞባይል ቤት ወስዳችሁ በየሰው ሚሞሪ አስጭኑት።