መስካሪ ያጣ ፉከራ

ቪዲዮው ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም። ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ክላሹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆሟል፤ ዝናሩ ወገቡን ዞሮታል፤ ከጀርባው ሽለላ ይሰማል። ሥሩ ላይ መንግሥትን የሚያስጠነቅቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። የት፣ መቼ፣ በማን እንደተቀረጸ የሚናገር ነገር ግን የለም። ድሬዳዋ ውስጥ ከቀትር በኋላ፣ በርጫ ላይ፣ ይህን የመሰለ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ውጊያው በአማራ ወይም በኦሮሚያ ገጠር፣ ከከተማዋ በብዙ ርቆ ሊሆን ይችላል። ምስሉ ግን ከከተማዋ ሰፈሮች መጋላም ከዚራም ደርሷል።

ዓይን እንዲህ ባለ ምስል ላይ ለምን ይቆማል? የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሌናርድ በርኮዊትዝ እና አንቶኒ ለፓዥ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሆን ብለው ካናደዱ በኋላ፣ ያናደዳቸውን ሰው በኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲቀጡ ዕድል ሰጧቸው። አጠገባቸው ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃና ሽጉጥ የተቀመጠባቸው ንዴተኞች ንዝረቱን አበዙት። ኋላ ሙከራውን የደገሙት ሁሉ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና የደረሰበት ድምዳሜ ጠንቀቅ ያለ ነው። መሣሪያ ማየት የጠበኝነት ሐሳብን ይቀሰቅሳል፤ የሌላውን ሰው አድራጎትም በክፉ እንድንተረጉም ያደርጋል፤ ወደ ድርጊት ይገፋል ለሚለው ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ጫካ ይገባል የሚለውን ፍርሃት ሳይንሱ አይደግፈውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ደረጃ ነው፤ የጎረቤትን ዝምታ እንደ ሴራ፣ የእንግዳን ጥያቄ እንደ ስለላ ማየት የሚጀመርበት።

ስልኩ ላይ ምን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስነው ቀመር ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 አሠራሩን ሲቀይር፣ ኮመንትና ሼር የሚበዛበት ፖስት ወደ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ቲክቶክ ደግሞ ተመልካቹ ቪዲዮው ላይ የቆየበትን ጊዜ ይቆጥራል። ለእንዲህ ያለ ቀመር አድናቆትና ድንጋጤ ብዙም አይለያዩም፤ «እግዜር ይይልህ» ብሎ የጻፈ ሰውም ቪዲዮውን ወደፊት ገፍቶታል። ዊሊያም ብሬዲ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ስለ መሣሪያ ቁጥጥር፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለመሳሰሉት አከራካሪ ጉዳዮች በትዊተር የተጻፉ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መልእክቶችን መርምረው ነበር። ስሜትንና የሞራል ፍርድን ያጣመረ አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር ስርጭቱ በ20 በመቶ ገደማ አደገ። የተሰራጨውም በአብዛኛው በራሱ ወገን ውስጥ ነው። በእኛ ዘንድ «ባንዳ» እና «ከሃዲ» የዚህ ዓይነት ቃላት ናቸው።

ጠመንጃ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር ከመቆርቆሯ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ ሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ከታጁራ ወደ ሸዋ ተጉዟል። ውጅግራና ምኒሽር የወንድነት መለኪያ ሆነው ኖረዋል፤ ፉከራና ቀረርቶም ያለ ጠመንጃ አያምርም። ፎካሪው ግን የሚፎክረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነበር። አብረውት የዘመቱ አሉ። ያልዋለበትን ዋልኩ ቢል የሚያሳፍረው አለ። ሞቅ ብሎት ወሰን ሲያልፍ እጁን ይዞ የሚያስቀምጠው ሽማግሌ አለ። ካሜራ ፊት ለሚፎክረው ወጣት አንዳቸውም የሉለትም። በእነሱ ቦታ ጥይት የማይደርስበት አገር የተቀመጠ አድናቂ «ቀጥል» ይለዋል። ቪዲዮውን እየተነተነ ላይቭ ለሚገባው ሰው ደግሞ ወደ ገንዘብ የሚመነዘር ስጦታ ይጎርፍለታል። ፉከራው ያው ነው፤ መስካሪው ተነሥቷል። የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካሜራ ፊት የፎከሩት ጫካ የገቡት ብቻም አይደሉም፤ የክልል ልዩ ኃይሎች ምረቃና የጦርነት ቅስቀሳ በመንግሥት ሚዲያ ሲታይ የነበረውም በዚሁ ቋንቋ ነው።

አንድ መልእክት ምን ያህል እንደሚፈጥን ድሬዳዋ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አይታለች። ጥቅምት 11 እኩለ ሌሊት ገደማ አክቲቪስቱ አቶ ጃዋር መሐመድ ጠባቂዎቻቸው እንዲነሡ መታዘዛቸውን በፌስቡክ ገጻቸው ጻፉ፤ ፖሊስ በእሳቸው ላይ የታሰበ ነገር የለም ሲል አስተባበለ። ሲነጋ ተቃውሞው ብዙ ከተሞችን አዳርሷል። ድሬዳዋና ሐረር መከላከያ ከገባባቸው ከተሞች መካከል ነበሩ፤ በአጠቃላይ 86 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታወቀ። ጽሑፉ ብቻውን ሰው ገደለ ማለት አይቻልም፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ቅሬታ ነበረ። የሌሊቱ መልእክት የጨመረው፣ ማይክል ቹዌ የተባሉት ምሁር የጋራ ዕውቀት የሚሉትን ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ሌላው እንደሚያውቅም አውቃለሁ፤ እሱም እኔ እንደማውቅ ያውቃል። ላይኩና ኮመንቱ «ብቻህን አይደለህም» ይላል። ቁጥሩ ከስንት አገር እንደተሰበሰበ፣ ከሰፈርህ ስንቱ እንዳለበት ግን አይናገርም።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ። በአንድ መንደር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ይነገራል፤ አንዱ የሚስቅበትን ቪዲዮ ሌላው በድምፁ ቃና ብቻ ይፈራዋል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ሲመሰክሩ፣ የኩባንያው የጥንቃቄ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚደግፈው ሁለቱን ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። ኩባንያው በኋላ አራት ቋንቋዎችን እንደሚከታተል ገልጿል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር የተገደሉት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሱ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሁለት ተቃራኒ እርምጃዎች ተገጣጥመዋል። በዚያ ቀን ፌስቡክ በአሜሪካ ጠመንጃና የሃዋይ ሸሚዝ መለያው የሆነውን፣ ከመንግሥት ጋር የእርስ በርስ ጦርነት የሚመኘውን «ቡጋሉ» የተባለ እንቅስቃሴ አደገኛ ክንፍ ገጾችና ቡድኖች ለይቶ አነሣ። በዚያው ቀን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። መዝጋት ወሬውን ሳይሆን ማጣሪያውን ያቆማል፤ ወሬ በስልክ ጥሪና በአፍ መዞሩን አይተውም። በህንድ የተደረገ ጥናትም ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁከት የመባባስ ዝንባሌ እንደሚታይ አመልክቷል።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን ሰው ከሌላው አክብዶ ይቀጣል፤ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡም ይጠይቃል። የመብት ተሟጋቾች ለተቃዋሚ ማፈኛ እንዳይውል ሰግተዋል፤ ስጋታቸውን እጋራለሁ። 24 ሰዓቱ ራሱም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች 51 ሰዎች የተገደሉበትን ጥቃት ገዳዩ በቀጥታ ሲያሠራጭ ያዩት ከ200 ያነሱ ነበሩ። ፌስቡክ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ አነሣ።

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የምጥለው ተመልካቹን ከማታለያ ዘዴዎች ቀድሞ በመከተብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ዩቲዩብ ላይ የተሞከረ ጥናት፣ የማታለያ ዘዴዎችን የሚያሳይ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ቪዲዮ ያዩ ሰዎች ዘዴዎቹን በተሻለ እንደሚለዩ አሳይቷል፤ ለውጡ ትንሽ ቢሆንም። ዘዴዎቹን ማወቅ አያስቸግርም። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ከተያዘና ፍሬሙ ከጠበበ አሥር ሰው ሠራዊት ይመስላል። በምስሉ ላይ የተለጠፈ ዘፈን የቦታውን ድምፅ፣ የሚነገረውንም ቋንቋ ይሸፍናል። ከዓመታት በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ «አሁን» የሚል ጽሑፍ ለብሶ ይመለሳል፤ አንዱን ፍሬም ቆርጦ በጎግል ምስል መፈለጊያ ማስገባት ብዙ ጊዜ ምንጩን ያወጣዋል። «ድሬዳዋ ውስጥ ተኩስ» ለተባለ ቪዲዮ ደግሞ ከድሬ ልጅ የተሻለ መርማሪ የለም። የመኪናው ሰሌዳ ምን ይላል? የሚታየው ደረቅ ወንዝ በእርግጥ ደቻቱ ነው? ጥላው የወደቀበት አቅጣጫ ተቀረጸ ከተባለው ሰዓት ጋር ይገጥማል? ሳቢያን ነው ከተባለ፣ ሳቢያን የሚኖር ዘመድ ጋ ለመደወል አንድ ደቂቃ ይበቃል።