የአየር መንገዶች መዋሐድና የአብራሪዎች የሥራ ዋስትና

ሁለት የአየር መንገድ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ የአብራሪው እንጀራ በምን ይጠበቃል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

በአሜሪካ የአብራሪ ዋነኛ ሀብቱ በአገልግሎት ዘመን መዝገብ ላይ ያለው ተራ ነው። ካፒቴን የሚሆንበት ጊዜ፣ የሚያበረው አይሮፕላንና የሚመደብበት ጣቢያ በዚሁ ተራ ይወሰናሉ፤ ሥራ ሲቀንስም አስቀድሞ የሚሰናበተው ከግርጌ ያለው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም የረዳውን ቲ.ደብሊው.ኤ.ን እንመልከት። ይህን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካን አየር መንገድ ገዛው። መዝገቦቹ ሲቀላቀሉ ከቲ.ደብሊው.ኤ. አብራሪዎች ብዙዎቹ ከግርጌ ተጻፉ። ለማካካሻ ያህል በሴንት ሉዊስ ማዕከል የካፒቴንነት ቦታቸው ልዩ ጥበቃ ተደረገለት። ይሁን እንጂ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የማዕከሉ በረራ በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ጥበቃው ከቦታው ጋር የታሰረ ስለ ነበር፣ ቦታው ሲጠብ ጥበቃውም አብሮ ጠበበ። ብዙ ዓመት ያገለገሉ አብራሪዎች ሥራ ፈትተው ጥሪ ጠባቂ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማካስኪል-ቦንድ ሕግ መዝገቦች በርትዕና በሚዛን እንዲቀላቀሉ፣ ስምምነት ከታጣም በገላጋይ ዳኛ እንዲወሰን አዘዘ። ሆኖም ሕጉ የሚያስተካክለው ተራን ነው፤ ማዕከል እንዳይዘጋ አይከለክልም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፣ ከአንድ ጣቢያ ጋር የታሰረ ዋስትና ዕድሜው ከጣቢያው ዕድሜ አያልፍም። በውሕደት ጊዜ የሚዋዋሉ አብራሪዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው በመላው ኩባንያ የሚጸና ተራን ነው።