የዕለት ምግብና የድባቴ ሕመም በወረርሽኝ ወቅት፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ነዋሪዎች

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ተለውጦ ነበር። ገበያው ቀዝቅዞ፣ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ መጓዝም አስጊ ሆኖ ነበር፤ ሰንበቴና ማኅበር እንደ ቀድሞው አልነበሩም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥጋትና ትካዜ ቢበዛ አያስገርምም። ትካዜው ሲረዝምና ሲከብድ ግን ድባቴ ወደሚባለው ሕመም ሊሸጋገር ይችላል። ድባቴ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። መንስኤው ብዙ ሲሆን ሊያባብሱት ወይም ሊያቀልሉት ከሚችሉት ነገሮች አንዱ የዕለት ምግብ ነው።

ምግብ ከስሜት ጋር ምን ያገናኘዋል?

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ስለዚህ ምግብ ሲጓደል ድካም፣ ብስጭትና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላሉ። ስሜትን የሚያስተካክሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት በጥራጥሬ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ከሚገኘው ፕሮቲን ነው። ብረት፣ ፎሌት ወይም ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስም ሰውነት ይዝላል፤ ስሜትም ይቀዘቅዛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 67 የድባቴ ሕሙማንን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህልና ዓሣ እንዲያዘወትሩ ከታገዙት መካከል ሲሶ ያህሉ አገግመዋል፤ የማኅበራዊ ድጋፍ ብቻ ካገኙት ያገገሙት ግን 8 በመቶ ናቸው። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ስለነበሩና አብዛኞቹም ሕክምናቸውን ስላላቋረጡ፣ ምግብ ሕክምናን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ከጓሮና ከማሳ የሚገኘው

ከእነዚህ ምግቦች ብዙዎቹ ለአካባቢው እንግዳ አይደሉም። በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋ ገብስ፣ ባቄላና ድንች፣ ቆላው ደግሞ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ወጥ ከጓሮ ጎመን ጋር፣ የገብስና የባቄላ ቆሎ፣ በሶና ተልባ በጾምም ወራት የሚገኙ ጠቃሚ ምግቦች ናቸው። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ በፍስክ ወቅት እንቁላሉንና ወተቱን ሁሉ ለገበያ ከማውጣት ጥቂቱን ለቤት ማስቀረት ይገባል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕመምተኛ ስለ ጾም ከንስሐ አባታቸውና ከጤና ባለሙያ ጋር ቢመክሩ መልካም ነው።

ቡና ከምግብ የሚገኘውን ብረት ስለሚቀንስ ከምግብ ጋር ባይጠጣ ይመረጣል። ማታ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። አረቄና ጠላ ለጊዜው ጭንቀትን ያስረሱ ቢመስሉም እንቅልፍን ያውካሉ፤ ድባቴንም ያባብሳሉ። በአንድ መጠጫ እየተቀባበሉ መጠጣት በሽታውን ያስተላልፋል።

እህል ላጠረው ቤተሰብ

በእነዚህ ወረዳዎች አዲሱ እህል እስኪደርስ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎተራው የሚራቆትበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ስለ ተመጣጠነ ምግብ መንገር ብቻውን አይበቃም፤ ነገ ምን እንደሚበላ አለማወቅ ራሱ መንፈስን ያደቃልና። ለልጆቿ ስትል ጾሟን የምታድር እናት ደክማና ተክዛ ብትታይ፣ ችግሩ ከጠባይዋ ሳይሆን ከጎተራው ሊሆን ይችላል። እጥረቱን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል በጊዜ ማሳወቅ ነውር አይደለም። ጎረቤትም አቅሙ በፈቀደ መጠን ሊደርስ ይገባል።

ማዕድና ጨዋታ

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም በወረርሽኙ ወቅት መታቀብ ያስፈልግ ነበር። ለጥንቃቄ ሲባል ለብቻቸው ይመገቡ የነበሩ አረጋውያን ግን ከጨዋታው እንዳይለዩ፣ ርቀት ተጠብቆ በአንድ ሰዓት መብላትና ማጫወት ይቻል ነበር።

ወደ ሕክምና መሄድ መቼ ያስፈልጋል?

ትካዜ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት ወይም ሥራን መጥላት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበት ሰው ለብቻው ሊተው አይገባም፤ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም መወሰድ አለበት። በወረርሽኙ ወቅት መረጃ ለማግኘት በነፃ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይቻል ነበር።