የሬንጅ ጢስና የሠራተኛው ጤና

ሬንጅ የሚፈላበትን በርሜል ያላየ የከተማ ሰው አይገኝም። የመንገድ ጉድጓድ ሲደፈን፣ ወይም የሶሌታ ጣራ ውሃ እንዳያሳልፍ ሲቀባ፣ በርሜሉን በድንጋይ ላይ ጥደው ከሥሩ እንጨት የሚማግዱ ሰዎች ይታያሉ። መንገደኛው አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ፈጥኖ ያልፋል፤ ሠራተኛው ግን ከጧት እስከ ማታ ከዚያው ከጢሱ መካከል ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ጢሱ ምን እንደ ሆነና ጉዳቱ እንዴት ሊቀንስ እንደሚችል ማወቅ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛውን ቀጥሮ ለሚያሠራው የቤት ባለቤትም የሚያስፈልግ ነው።

በመጀመሪያ የስሙን ነገር መለየት ይገባል። ሰው ሁሉ ጥቁርና ተጣባቂ የሆነውን ነገር ሬንጅ ወይም ቅጥራን ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ቤንዚኑ፣ ላምባውና ናፍጣው ከወጣለት በኋላ በመጨረሻ የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ነው፤ ዛሬ መንገድ የሚነጠፈው በዚህ ነው። ሁለተኛው የድንጋይ ከሰል አየር ሳያገኝ በብርቱ ሲጋል የሚወጣው ቅጥራን ሲሆን፣ ክፋቱ ከፊተኛው እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የጢስ ማውጫ ጠራጊዎች በጥላሸት ምክንያት በካንሰር እንደሚያዙ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉት የጃፓን ሊቃውንት የድንጋይ ከሰል ቅጥራን በጥንቸሎች ጆሮ ላይ ለብዙ ወራት እየደጋገሙ ቢቀቡ ካንሰር ማብቀሉን አሳዩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1933 የለንደን ሊቃውንት ከዚሁ ቅጥራን ውስጥ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከነዳጅ በሚገኘው ሬንጅ ውስጥም የዚህ ዓይነት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሆኖም መጠናቸው በጣም ያነሰ ነው።

እንግዲህ «ሬንጅ የነካ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል» የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። «አባቶቻችን ሲሠሩበት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚለውም አነጋገር ማስረጃ አይሆንም። የዓለም የጤና ድርጅት ክፍል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዳዩን መርምሮ፣ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ሲል ለይቶታል። የመንገድ አንጣፊዎች የሚደርስባቸው የሬንጅ ጢስ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል፤ በብርቱ ሙቀት አየር እየተነፋበት ጠንክሮ የተሠራው የጣራ ሬንጅ ግን በጣሪያ ሠራተኞች ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም። ሰው የሚፈራው በአውራ ጎዳና ላይ የሚያጓራውን ትልቅ መኪና ነው፤ ጥርጣሬው የበረታው ግን ብዙዎቻችን ልብ በማንለው በጣራው ሥራ ላይ መሆኑ ሊያስደንቀን ይገባል።

ልዩነቱን ከሚያመጡት ምክንያቶች ዋነኛው ሙቀት ነው። ሬንጅ ሲቀዘቅዝ አይጨስም፤ እየጋለ በሄደ መጠን ግን ጢሱ በእጥፍ ላይ እጥፍ ይጨምራል። ባለሙያዎች በልምድ የሚጠቀሙበት ስሌት ሙቀቱ 12 ዲግሪ ያህል በቀነሰ ቍጥር ጢሱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው። በመንገድ ሥራ ፋብሪካ አስፋልቱ የሚደባለቀው እንደ ሬንጁ ዓይነት ከ140 እስከ 170 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ የሙቀት መለኪያም አለው። በግቢ ውስጥ የተጣደው በርሜል ግን መለኪያ የለውም፤ ሠራተኛውም ቶሎ ይቅለጥልኝ ሲል እሳቱን ያበዛል። ከበርሜሉ ወፍራም ጢስ ያለ ማቋረጥ ሲወጣ ከታየ፣ ሬንጁ ከሚገባው በላይ ግሏልና እሳቱን መቀነስ ነው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው፤ እንዲያውም እንጨት ይተርፋል። በአሮጌ ጎማ ማንደድ ግን በጢስ ላይ ሌላ መርዛም ጢስ መጨመር ስለ ሆነ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

ጢሱ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ነው። ዓይን ይቆጠቍጣል፣ ያለቅሳል፤ ሳል ይከተላል፤ አንዳንዱን ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋልም። አስም ያለበት ሰው ፈጥኖ ይታመማል። ለዓመታት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧው እየተቆጣ አክታና ሳል ሊለምድበት ይችላል፤ ሲጋራም የሚያጨስ ከሆነ ጉዳቱ ይደራረባል።

ሽታ ግን ሁልጊዜ አስጠንቃቂ አይሆንም። ትኵስ ሬንጅ በተከማቸባቸው ትልልቅ የተዘጉ ታንከሮች ውስጥ፣ ከሬንጁ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ የተበላሸ እንቍላል የሚሸት ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል። ይህ ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ኀይልን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲዘናጋ ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አጎንብሶ ማየት፣ ወይም የወደቀውን ላውጣ ብሎ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው።

ከጢሱ ይልቅ በአንዲት ቅጽበት ሰውን የሚያሰናክለው ቃጠሎ ነው። ዝናብ የገባበት በርሜል ሳይመረመር ሲጣድ፣ ከሥር የተኛው ውሃ በድንገት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ የጋለውን ሬንጅ ወደ ውጭ ይተፋዋል። በጋለ ሬንጅ ላይ ውሃ የሚያፈስስም ሰው በራሱ ላይ እንደ ፈረደ ይቈጠራል።

ሬንጅ በሰው አካል ላይ ቢፈስስ ወዲያውኑ ቦታውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የተጣበቀውን ሬንጅ መላጥ አይገባም፤ ቆዳው አብሮ ይነሣልና። በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማስለቀቅም ቍስሉን ያብሳል። ሬንጁ ጣትን ወይም ክንድን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ከያዘ፣ ሲቀዘቅዝ እየተኰማተረ የደም ዝውውርን ሊያግድ ስለሚችል፣ በሽተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስና ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ያሻል።

በሠራተኞች ዘንድ የተለመዱ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንዱ ሥራ ሲያበቃ እጅን በናፍጣ መታጠብ ነው። ናፍጣ የቆዳውን ወዝ አሟጥጦ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም፤ የሬንጁም ክፉ ነገር ወደ ሰውነት የሚገባበት በር ይሰፋል። ከሥራ በፊት እጅንና ክንድን በጓንትና በረጅም እጅጌ መሸፈን፣ በኋላም የምግብ ዘይት ቀብቶ ሬንጁን ማላላትና በሳሙና መታጠብ ይሻላል። ሁለተኛው ወተት ነው። ወተት መልካም ምግብ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለምና ጢስን አያጥብም። አሠሪው ግማሽ ሊትር ወተት ሰጥቶ ግዴታዬን ተወጣሁ ሊል አይችልም። ስለ አፍ መሸፈኛም እንዲሁ ነው፤ የጨርቁ መሸፈኛ ጥቂት አቧራ ይይዝ እንደ ሆነ እንጂ ትነትን አያግድም፤ ለዚህ የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው ከሁሉ የሚሻለው ጢሱን ከምንጩ መያዝ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የማንጠፊያ መኪና ሠሪዎች ከመንግሥትና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተስማምተው፣ ጢሱን ስቦ ከሠራተኛው ርቆ የሚያስወጣ መሣሪያ በአዳዲሶቹ ትልልቅ መኪናዎች ላይ እንዲገጠም አድርገዋል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣትም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቀን ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች ያሏቸው መምህራን ይህን ቢነግሯቸው መልካም ነው።

ጣራውን ሬንጅ ለማስቀባት ቀን ሠራተኛ የሚጠራ የቤት ባለቤትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጓንት፣ ውፍረት ያለው ልብስና የተሸፈነ ጫማ መኖሩን፣ በርሜሉም ደረቅ መሆኑን ይመልከት። በርሜሉ ነፋስ ጢሱን ከሠራተኛው ወዲያ በሚወስድበት በኩል ይጣድ፤ ባልዲ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ለቃጠሎ ከአጠገቡ ይቀመጥ፤ ሕፃናትም ከግቢው ይራቁ። ሠራተኛው ሳል ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ እንደ ሆነ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ዓመትም እንደ ሠራ ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ይንገር።