ሩባርብ፦ ቀለሙን ወይስ ብርዱን?

ሩባርብ የጸደይ ተክል ነው ሲባል ኖሯል። መጋቢት ላይ ከአፈር ብቅ ይላል፤ ሰኔ ሲገባደድ ባለቤቱ መልቀሙን ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጓሮው ውስጥ የሚቀረው ሰፋፊ ቅጠሉ ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በእንግሊዝ ችግኝ መሸጫዎች «ሊቪንግስተን» የተባለ ዝርያ ገብቷል። ሌሎቹ በሙቀቱ ወራት ሲያንቀላፉ እሱ እድገቱን ስለማያቋርጥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይለቀማል። ይህ አዲስ መጤ የጓሮ አትክልተኞችን የቆየ ክርክር እንደገና ቀስቅሷል፦ የትኛውን ልትከል? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ችግኙ ላይ ከተንጠለጠለው ቀይ ፎቶግራፍ ነው። መታየት ያለበት ግን መጀመሪያ የሰፈሩ ብርድ፣ ቀጥሎ የሚለቀምበት ወቅት ነው።

ሩባርብ ብርድ ካልቀመሰ በደንብ አይነቃም። የስሩ ጉቶ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ሳምንታት ማሳለፍ ይፈልጋል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ አማካዩ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ አገዳው እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ በሚኒሶታ፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን የሚያሳስባቸው ነገር የለም። በሲያትል ዙሪያ ያሉትማ ጎረቤታቸው ሰምነር ራሷን «የሩባርብ ፓይ የዓለም መዲና» ብላ የምትጠራ ከተማ ናት። ዱባይ ላይ ያለ ሰው ግን ገንዘቡን ባያባክን ይሻላል። በቴክሳስና በፍሎሪዳ የሚሞክሩት ሰዎች ሙቀቱ ሲበርድ ዘር ዘርተው እንደ አንድ ዓመት ተክል ያነሱታል፤ ለዓመታት የሚቆይ ጉቶ አይጠብቁም።

ብርድ ላለው ጓሮ ቀጣዩ ጥያቄ መቼ መልቀም ትፈልጋለህ የሚለው ነው። «ቲምፐርሊ ኧርሊ» ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። «ቪክቶሪያ» ዘግይቶ ይደርሳል፤ ግን አገዳው ወፍራም፣ ምርቱ የበዛ ነው። ከብራይተን የተገኘው «ግላስኪንስ ፐርፔቿል» ከዘር በቅሎ ቶሎ ለመለቀም በመድረሱ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይመከራል።

አሁን ወደ ቀዩ ጉዳይ እንምጣ። በሰሜን አሜሪካ «ካናዳ ሬድ»፣ «ክሪምሰን ሬድ» እና «ማክዶናልድ» የሚፈለጉት በቀለማቸው ነው። ቀይ ማርማላታ ከአረንጓዴው ይልቅ ዓይን እንደሚስብ አይካድም። ቀይ ከሆነ ጣፋጭ ነው የሚለው እምነት ግን መሠረት የለውም። ቅላቱ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከሚባለው ቀለም ነው፤ ኮምጣጣነቱ በዋናነት ከማሊክ አሲድ። ሁለቱ ተያይዘው አይሄዱም። አረንጓዴ አገዳ ከቀዩ ያነሰ ሊኮመጥጥ ይችላል፤ በጣም ቀያዮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርታቸው አነስተኛ ነው። ጆሴፍ ማያት የተባለው የለንደን አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1837 ለገበያ ያቀረበው «ቪክቶሪያ» ከታች ብቻ ቀላ ብሎ ወደ ላይ አረንጓዴ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከገበያ አልወጣም። ለቀለም ብለው የሚከፍሉትን ያህል ለጣዕም ቢከፍሉ ኖሮ የችግኝ መሸጫው መደርደሪያ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከቀለም የባሰው ጣጣ ስም ነው። ሩባርብ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። አንድ ፓኬት የ«ቪክቶሪያ» ዘር ቢዘራ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሌላው አገዳው ሳይወፍር አበባ ይሰድዳል። በዚህ መንገድ የበቀለው ሁሉ በአንድ ስም ይሸጣል። አስተማማኙ ነገር ጎረቤት ቤት አይተውና ቀምሰው ከወደዱት ተክል ጉቶ ቆርሶ መውሰድ ነው። ተክሉ ሲያንቀላፋ ይቆፈራል፤ በአካፋ ይሰነጠቃል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ጤነኛ እንቡጥ ይኑረው። እንቡጡ ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል ሆኖ፣ በየመካከሉ አንድ ሜትር ያህል እየተተወ፣ ፍግ በጠገበ አፈር ይተከላል።

እንክብካቤው አጭር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አይነካም፣ በሁለተኛው ጥቂት ይለቀማል፣ በሦስተኛው እንደ ልብ። በቢላ አይቆረጥም፤ ከስሩ ተይዞ በመጠምዘዝ ይሳባል፤ ቢያንስ ግማሹ አገዳ ተክሉ ላይ ይቀራል። የአበባ ዘንግ ሲወጣ ወዲያው ይቀነጠባል። ቅጠሉ በኦክሳሊክ አሲድ የተነሳ መርዛማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቅጠሉን እንደ ጎመን ብሉ ተብለው የተመረዙ እንግሊዞች ነበሩ።

የማይታለፈው በዮርክሻየር ውስጥ በዌክፊልድ፣ በሞርሊና በሮዝዌል መካከል ያለው የጨለማ እርሻ ነው። ጉቶዎቹ ሁለት ዓመት ሳይለቀሙ ሜዳ ላይ ይቆያሉ፤ ውርጭ ከመታቸው በኋላ ብርሃን ወደማይገባበት ሞቃት ቤት ይገባሉ። እንቡጡ ሲፈነዳ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ለቃሚዎቹም የሚሠሩት በሻማ ብርሃን ነው። አገዳው ብርሃን ስላላገኘ ምግቡን የሚስበው በጉቶው ውስጥ ከተከማቸው ስታርች ነው፤ ለዚህም ነው የሚለሰልሰውና ኮምጣጣነቱ የሚቀንሰው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ስሙን በአካባቢ መለያነት አስከብሮለታል። ብርዱ ሲዘገይ ጉቶው ወደ ቤት የሚገባበት ቀንም ይዘገያል፤ ስለዚህ የክረምቱ መሞቅ ገበሬዎቹን ያሳስባቸዋል። በጓሮ ይህንኑ ለመሞከር ጥር ላይ በጉቶው ላይ ባልዲ መድፋት ይበቃል፤ ያ ተክል ግን በቀጣዩ ዓመት ማረፍ አለበት።

ኮምጣጣው አገዳ ለእኛ እንግዳ ይመስላል እንጂ ቤተሰቡን እናውቀዋለን። ቅቤ ሲነጠር ቀለም እንዲይዝ የሚገባው መቅመቆ፣ እረኞች ለጋ ግንዱን ልጠው የሚያኝኩት እምቧጮም የሩባርብ ዘመዶች ናቸው።

እንግዲህ ለአንድ ጉቶ ብቻ ቦታ ያለው «ቪክቶሪያ»ን ይትከል፤ ለዘር ፓኬት ሳይሆን ለተሰነጠቀ ጉቶ ይክፈል። ሁለተኛ ቦታ ካለው «ቲምፐርሊ ኧርሊ»ን ይጨምር። «ሊቪንግስተን» ሦስተኛው ይሁን፤ በመስከረም መልቀም መቻል ትልቅ ነገር ቢሆንም የጸደዩን ምርት የሚተካ አይደለም። ቀዩን ፎቶግራፍ የሚያይስ ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው።