ሱልጣኑን ማን ይክሰሰው?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የቱርክ ቴሌቪዥን ተመልካቾች አንድ ልዑል ወደ አባቱ ድንኳን ገብቶ በገመድ ሲታነቅ አዩ። ድራማ ነው። ታሪኩም አዲስ አይደለም፤ ልዑል ሙስጠፋ በ1553 በአባቱ በሱልጣን ሱሌይማን ትእዛዝ እንደተገደለ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቁታል። ሆኖም ከዚያ ምሽት በኋላ ሰው እየተነሣ ወደ ቡርሳ ሄደ። ሙራዲዬ በሚባለው የመቃብር ስፍራ፣ ከአራት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት የሞተ ልዑል መቃብር ፊት ቆሞ ጸለየ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዘኑ ብዙ ሳይቆይ ክርክር ሆነ። ልዑሉን ማን አስገደለው? ከተመልካቹ አንዱ ወገን ጣቱን ወደ ሁሬም ቀሰረ፤ የእንጀራ እናቱ ናት፣ የራሷን ልጆች ለዙፋን ለማብቃት ስትል ከአማቿ ከሩስተም ፓሻ ጋር ወጥመዱን የዘረጋች እሷ ናት አለ። ሌላው የሙስጠፋን እናት ማሂዴቭራንን ወቀሰ፤ በቅናት ተቃጥላ ልጇን ከማይወጣው ጠብ ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት አለ። በሁለቱ ሴቶች ላይ ያለው ክርክር ድራማው ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የነበረ ነው፤ ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም አልበረደም። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ከልባቸው ነው፤ ከልብ የሚወዱትን ነው የሚከላከሉት። ግን ሁለቱም አንድ ሰው እያመለጣቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሙህተሸም ዩዝይል»፣ በአማርኛ «ዕፁብ ክፍለ ዘመን» ልንለው እንችላለን፣ በጃንዋሪ 2011 በሾው ቲቪ ጀምሮ፣ ወደ ስታር ቲቪ ተዛውሮ፣ በጁን 2014 በ139ኛው ክፍል ተፈጸመ። ከ1520 እስከ 1566 የነገሠውን ሱሌይማንን ዙፋን ላይ ከወጣበት ጊዜ እስከ ሞቱ ይከተላል። ገና ከመነሻው ለአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ከ70,000 በላይ አቤቱታ ጎረፈ፤ ታላቁ ሱልጣን በሐረም ውስጥ ከሴቶች ጋር ታየ፣ ክብሩ ተነካ የሚል ነው። በኖቬምበር 2012 በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶዋን በአደባባይ ተቆጡ፤ እኛ የምናውቀው ሱሌይማን ሠላሳ ዓመት በፈረስ ጀርባ ላይ ያሳለፈ ነው አሉ። የባለሥልጣናቱ ጭንቀት የሱልጣኑ ክብር ነበር። ሕዝቡን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ ግን ሱልጣኑ ከማን ጋር ይሁን የሚለው ነው።

የማሂዴቭራን ወገን ክርክር ቀላልና ጠንካራ ነው። እሷ ቀድማ ነበረች፤ የበኩር ልጅ ወለደች፤ ባሏን ከዩክሬን ምድር ተማርካ የመጣች ቀይ ጸጉር ልጃገረድ ነጠቀቻት። በዚህ ወገን ዓይን ሁሬም ትዳር አፍራሽ ናት። የሁሬም ወገን ደግሞ ምርኮኞችን ከጫነው መርከብ ወለል ይጀምራል። ወላጆቿን ያጣች፣ ስሟን የተቀማች፣ ለገበያ የቀረበች ልጅ ናት፤ ያላት ብቸኛ መሣሪያ አእምሮዋና ሳቋ ነው። ማን ነው በእሷ ቦታ ቢሆን ዝም ብሎ የሚቀመጥ? ሁሬምን የተጫወተችው ተዋናይት ሜርየም ኡዘርሊ ለዚህ ለሁለተኛው ወገን ብዙ ደጋፊ አፍርታለታለች። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የምታሳየው ፍርሃትና ድፍረት የተቀላቀለበት ፊት እስካሁን ከተመልካች ልብ አልወጣም።

በ2013 ኡዘርሊ በድካም ምክንያት ድራማውን ትታ ወደ ጀርመን ስትሄድ ሚናውን ቫሂዴ ፔርቺን ተረከበች፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ጎራ ተፈጠረ። አዲሷ ሁሬም ጨካኝ ናት፣ ሳቋ የለም፣ ይህች የእኛ ሁሬም አይደለችም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። የፔርቺን ሁሬም ልጅ ቀብራለች፤ የበኩር ልጇ ሜህመድ በ1543 ማኒሳ ላይ ሞቷል። ሙስጠፋ ቢነግሥ የቀሩት ልጆቿ ምን እንደሚጠብቃቸው ታውቃለች። በሃያ ዓመቷ የሳቀችውን ሳቅ በሃምሳ ዓመቷ እንድትስቅ መጠየቅ ሴትዮዋን አለማየት ነው። ፔርቺን ያሳየችው የፍርሃትን ሽምግልና ነው፤ ከድራማው ትልልቅ ትወናዎች አንዱ ይመስለኛል።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ የሁለቱም ጎራ መሠረት ይናጋል። ማሂዴቭራን «ሚስት» አልነበረችም። እንደ ሁሬም ሁሉ እሷም ቁባት፣ በሕግ ባሪያ ነበረች። የኦስማን ሱልጣኖች በዚያ ዘመን ከቁባቶቻቸው ይወልዱ ነበር እንጂ ጋብቻ ከተዉ ቆይተዋል። ልማዱም ጥብቅ ነው፤ ወንድ ልጅ የወለደች ቁባት ከዚያ በኋላ ወደ ሱልጣኑ መኝታ አትመለስም። ልጁ ሲያድግ አውራጃ ይሰጠዋል፤ እናቱ አብራው ሄዳ ቤቱን ታስተዳድራለች፣ ትመክረዋለች፣ ከጠላት ትጠብቀዋለች። ሙስጠፋ በ1533 ወደ ማኒሳ ሲላክ ማሂዴቭራን አብራው የሄደችው በዚህ ሥርዓት ነው። ድራማው እንደ ስደት አድርጎ ቢያስለቅሰንም ለአንዲት የልዑል እናት ይህ የማዕረግ ጉዞ ነበር።

ሥርዓቱን ያፈረሰው ሱሌይማን ነው። ሁሬም ከአንድ ወንድ ልጅ በኋላ ሌላ ወለደች፤ ደገመች፤ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ። ከዚያ ነፃ አውጥቶ አገባት። ልጆቿ ወደ አውራጃ ሲወጡም እሷ ኢስታንቡል ቀረች። የታሪክ ተመራማሪዋ ሌዝሊ ፒርስ በ1993 ባሳተመችው ስለ ኦስማን ሐረም በሚተርክ መጽሐፏ ይህን በዝርዝር አሳይታለች። የዘመኑ ሰው ግራ ተጋባ። ሱልጣን አንዲት ባሪያ ላይ ይህን ያህል የሚጸናው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ወዲያው ተገኘ፤ መድኃኒት አስነክታዋለች፣ አስጠንቁላበታለች ተባለ። የአውሮፓ መልእክተኞች የከተማውን ሐሜት ሰምተው በደብዳቤያቸው ጻፉት። የቬኒሱ አምባሳደር ናቫጄሮ ማሂዴቭራን ሁሬምን ደብድባ ፊቷን እንደቧጨረቻት፣ ሁሬምም ሱልጣኑ ሲያስጠራት በዚህ ፊቴ አልቀርብም ብላ እንደቀረች ተርኳል። ድራማው ይህን ድብደባ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንዱ አስገብቶታል፤ ጎራዎቹም ከዚያች ምሽት ጀምሮ ነው የጸኑት።

እንግዲህ የዛሬው ተመልካች ክርክር ከሳሎን የተወለደ አይደለም። ሙስጠፋ በሞተ በስምንት ዓመቱ፣ በ1561፣ ጋብሪኤል ቡናን የተባለ ፈረንሳዊ የልዑሉን ሞት በአሳዛኝ ተውኔት አሳተመ፤ ተንኮለኛዋም የሱልጣኑ ሚስት ናት። በኦስማን ምድርም ገጣሚው ያህያ ለልዑሉ ሙሾ ሲጽፍ ክሱን በሩስተም ፓሻ ላይ አሳረፈ። ይህ ሰው በድፍረቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ሱልጣኑን እንደ ዋና ነፍሰ ገዳይ ሊያቆም አልቻለም። ማን ይችል ነበር?

ያኔ ያልተቻለው ዛሬ ይቻላል፤ ተመልካቹ ግን አሁንም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሴቶቹ ነው። ሙስጠፋን ኤሬሊ አጠገብ ወደ ሰፈረው ድንኳኑ የጠራው ሱሌይማን ነው፤ አናቂዎቹን ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ቡርሳ የነበረውን የሙስጠፋን ሕፃን ልጅም ያስገደለ እሱ ነው። ሁሬም ልጅዋን ለማንገሥ መመኘቷን አልክድም፤ ከሩስተም ጋር መምከሯንም ብዙ የታሪክ ሰዎች ያምናሉ። ነገር ግን ሁሬም በ1558 ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ የተረፉ ወንዶች ልጆቿ ሴሊምና ባየዚድ ኮንያ አጠገብ ጦር ተማዘዙ። ባየዚድ ተሸንፎ ከአራት ወንዶች ልጆቹ ጋር ወደ ፋርስ ሸሸ፤ ሱሌይማን ለሻሁ ወርቅ ከፍሎ በ1561 አምስቱንም አሳነቃቸው። በዚያ ጊዜ በጆሮው የምታንሾካሹክ ሁሬም አልነበረችም፤ ማሂዴቭራንም ቡርሳ ውስጥ በችግር ትኖር ነበር። የገዛ ልጁንና የልጅ ልጆቹን የገደለው ያው ሰው ነው።

ከእሱም በስተጀርባ የዙፋኑ ሕግ አለ። ከዳግማዊ መሐመድ ጀምሮ የነገሠው ልዑል ለአገር ሰላም ሲል ወንድሞቹን መግደል ይፈቀድለት ነበር። በ1595 የሱሌይማን የልጅ ልጅ ልጅ ሣልሳዊ መሐመድ 19 ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አሳንቋል። ሐረም ውስጥ ወንድ ልጅ የወለደች ሴት ሁሉ ከሁለት አንዱን እያሰበች ታድራለች፤ ወይ የሱልጣን እናት፣ ወይ የታነቀ ልጅ እናት። ይህን ዕውቀት ይዞ የሁለቱን ጠብ መልሶ ለሚያይ ሰው ነገሩ የጣውንት ቅናት መሆኑ ይቀራል፤ ሁለት እናቶች ለአንድ ልጅ ብቻ በተከፈተ በር ፊት የሚያደርጉት ግፊያ ይሆናል። ማሂዴቭራንን በስተርጅና ደሞዝ ቆርጦ ከችግር ያወጣትና ለሙስጠፋ መቃብር ያሠራለት ማን እንደሆነ ብዙ ተመልካች ሲሰማ ይደነግጣል። የሁሬም ልጅ ሴሊም ነው።

የድራማውን ጸሐፊ ሜራል ኦካይን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው። በ2012 እስክታርፍ ድረስ የጻፈችው ክፍል የቱርክ ቴሌቪዥን ካፈራቸው ምርጥ ጽሑፎች መካከል ነው፤ በኦስማን ታሪክ ጦርነትና ውል ብቻ ሲያነብ ለኖረ ትውልድ የሴቶችን ስምና ቋንቋ ሰጥታለች። ፍቅሩም ፈጠራ አይደለም። ሁሬም ለዘመቻ ለሄደው ሱሌይማን የላከቻቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል፤ እሱም «ሙሒቢ» በሚል የብዕር ስም የፍቅር ግጥም ጽፎላታል። ችግሩ ፍቅሩ የሱልጣኑ ምሕረት ማግኛ መሆኑ ነው። ካሜራው ሱሌይማንን በሚጫወተው በሃሊት ኤርጌንች እንባ ላይ ሲቆም እኛ እናዝንለታለን፤ ካዘንንለት በኋላ ደግሞ የምንጠላው ሌላ ሰው እንፈልጋለን። እዚያው አጠገቡ አንዲት ሴት ትገኛለች።

ስለ ኢብራሂም ፓሻና ስለ ሐቲጄ ሱልጣን ፍቅር ያለው ሙግት ከዚህ ይለያል። ከፓርጋ የመጣ ባሪያ የሱልጣኑን እህት ወድዶ ያገባል፤ በ1536 በሱልጣኑ ትእዛዝ ይታነቃል፤ እሷ ትቀራለች። ከሁሬምና ከሱሌይማን ይልቅ እነዚህን ጥንዶች የሚወዱ፣ ኢብራሂም ከሐረም አገልጋይዋ ከኒጋር ካልፋ ጋር የገባበትን ግንኙነት ለጸሐፊዎቹ እስካሁን ይቅር ያላሉ አሉ። ተመራማሪዎች ሰነዶቹን ሲያገላብጡ ግን በ1524 የተደረገው ታላቅ ሠርግ የሐቲጄ ላይሆን እንደሚችል ደርሰውበታል፤ ከእነሱ አንዷ ኤብሩ ቱራን የኢብራሂም ሚስት ሙህሲኔ የምትባል፣ ከቤተ መንግሥት ውጭ ከሆነ ትልቅ ቤተሰብ የተወለደች ሴት እንደነበረች አሳማኝ ክርክር አቅርባለች። የሁሬም ሴት ልጅ ሚህሪማህ ከጦር አዛዡ ከባሊ ቤይ ጋር ያላት ፍቅርም የጸሐፊዎቹ ሥራ ነው። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ፈጠራ ማንንም አይበድልም። ሙህሲኔን ያላወቀ ተመልካች አንድ ጥሩ የፍቅር ታሪክ አየ፤ ሁሬምን እንደ ጠንቋይ ያወቀ ግን በአንዲት በእውን በኖረች ሴት ላይ የተነገረ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ሐሜት ተረከበ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

እኛም አገር ተመሳሳይ የዙፋን ጥያቄ ነበር። ነገሥታቶቻችን ብዙ ልዑላን ሲኖሯቸው መፍትሔው አምባ ግሸን ነበር፤ ወንድሞችን ገደል ከበበው አምባ ላይ አውጥቶ ማሰር። አሕመድ ግራኝ በ1540 አምባውን ሲይዝ የነገሥታቱን ወገኖች በሰይፍ ፈጃቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግራኝ ከፖርቱጋሎች ጋር ሲዋጋ ከዘቢድ የኦስማን ገዥ ጠመንጃ ያዥ ወታደሮች መጡለት፤ ዘመኑ የሱሌይማን ነው። በ1555 ኦስማኖች «ሐበሽ» የሚል ግዛት አቋቁመው ለኦዝደሚር ፓሻ ሰጡት፤ በ1557 ምጽዋን ያዘ። ሁሬም ከመሞቷ ከአንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ካቀረበልን ወዲህ የኢስታንቡል ቤቶችና አለባበስ ለእኛ ተመልካች እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ አንድ ነገር ብናነሣ ይገባናል። በድራማው የሐረሙን ሥራ የሚያንቀሳቅሰው ሱምቡል አጋ፣ በኪርኩክ ተወላጁ በሴሊም ባይራክታር ተጫውቶ፣ ከሁሉም ጎራ የተወደደ ገጸ ባሕርይ ነው። በእውነተኛው ሐረም ግን ከጃንደረቦቹ ብዙዎቹ ከእኛ ምድርና ከአካባቢው የተወሰዱ፣ በግብፅ ተሰልበው ወደ ኢስታንቡል የተላኩ ልጆች ነበሩ። ሱሌይማን ከሞተ በኋላ፣ በ1570ዎቹ፣ የሐረሙ ዋና አዛዥ የሆነው ሐበሺ መሐመድ አጋ ይባላል፤ በእጁ የገባው ሥልጣን ከዚያ በኋላ ለዘመናት በጥቁር ጃንደረቦች እጅ ቆየ። ሁሬምና ማሂዴቭራን ተማርከው ቢመጡም ልጅ ወልደዋል፣ ስማቸው ቀርቷል፣ ዛሬም ደጋፊ አላቸው። እነዚያ ልጆች ከየትኛው ቀዬ እንደተወሰዱ፣ ማን እንደሸጣቸው፣ በምን ቋንቋ ያልሙ እንደነበር የሚጠይቅ ድራማ እስካሁን አላየሁም፤ ቢሠራ ከማንም በፊት ቁጭ ብለን ልናየውና ልንከራከርበት የሚገባን እኛ ነን።