ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ውሻ

የአየሩ ጠባይ ለሰው በተስማማበት ቀን መኪናን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ውሻን በውስጡ ትቶ ለአጭር ጉዳይ መሄድ ብዙዎች እንደ ጥፋት የማይቆጥሩት ልማድ ነው። «ቀኑ አይሞቅም፤ መስኮቱንም ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚለው ምክንያትም አሳማኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁኔታ የተተዉ ውሾች በልዩ ልዩ አገሮች በየዓመቱ ይሞታሉ። በዚህ ጽሑፋችን የአደጋውን መንሥኤ ከፊዚክስና ከፊዚዮሎጂ አንጻር እንመለከታለን።

መኪናው ለምን ይግላል?

የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ያሞቃል፤ እነርሱም በበኩላቸው የሚነካቸውን አየር ያሞቃሉ። ውጭ ቢሆን የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ይተካው ነበር፤ በመኪናው ውስጥ ግን መውጫ የለውም። መስታወት ከሞቁት ዕቃዎች የሚመነጨውን የኢንፍራሬድ ጨረር እንደሚያግድ የታወቀ ነው። ሆኖም አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1909 አንዱን ሣጥን በመስታወት፣ ሌላውን ኢንፍራሬድን በሚያሳልፍ የድንጋይ ጨው ከድኖ ባደረገው ሙከራ፣ የሁለቱ ሣጥኖች ሙቀት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የምንረዳው ዋናው ምክንያት የአየሩ መታፈን መሆኑን ነው።

መጠኑስ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ16 ፀሐያማ ቀናት የመኪና ውስጥ ሙቀትን ለክቷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ በአማካይ በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የጨመረ ሲሆን፣ ከጭማሪው 80 በመቶ የሚሆነው የታየው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። መስኮቱን ገርበብ ማድረግም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የውጭው አየር 22 ዲግሪ ብቻ በነበረበት ቀን እንኳ የውስጡ 47 ዲግሪ ደርሷል። 22 ዲግሪ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የዘወትር የቀን ሙቀት መሆኑን ልብ ይሏል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝም የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። ስለዚህ «ደጋ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የውሻ አካል እንዴት ይቀዘቅዛል?

ሰው በመላ ቆዳው ያልባል፤ ውሻ ግን የሚያልበው በአመዛኙ በመዳፎቹ ሥር ነው። ዋናው መከላከያው ማለክለክ ነው። ከምላሱና ከመተንፈሻ አካላቱ የሚተን እያንዳንዱ ግራም ውሃ 2.4 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን የራሱ ትንፋሽ አየሩን ስለሚያረጥበው ትነቱ ይዳከማል። ጤናማ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አለው፤ የመኪናው አየር ከዚህ ሲበልጥ ሙቀት ከአካሉ መውጣቱ ቀርቶ ወደ አካሉ ይገባል። ማለክለኩ ራሱም የጡንቻ ሥራ በመሆኑ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል።

የአካሉ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ የሕዋሳት ፕሮቲኖች መጎዳት ይጀምራሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ይላላል፣ የደም መርጋት ሥርዓት ይዛባል፣ ኩላሊትና አንጎል ይታወካሉ። አፍንጫቸው አጭር የሆነ እንደ ቡልዶግ ያሉ ዝርያዎች፣ ያረጁና የወፈሩ ውሾች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ምን እናድርግ?

ያለማቋረጥ ማለክለክ፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ መንገዳገድ፣ ማስመለስና መዝለፍለፍ የአደጋው ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ውሻ ሲገኝ ወደ ጥላ መውሰድ፣ ከገላው ሙቀት የቀዘቀዘ ውሃ በአካሉ ላይ ማፍሰስና ማራገብ ያስፈልጋል። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ግን ሙቀቱን ስለሚያፍን አይመከርም። ማቀዝቀዙ ከተጀመረ በኋላ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ ይኖርበታል፤ የውስጥ ጉዳት ዘግይቶ ሊገለጥ ይችላልና።

አንዳንድ አገሮች ጉዳዩን በሕግ ደንግገዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እንስሳን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሁኔታ በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያስቀጣል። ሕግ ኖረም አልኖረ፣ በሩን መክፈት የሚችለው ሰው እንጂ ውሻው አይደለም። ስለሆነም ጉዳያችን አጭር ቢመስለንም ውሻውን ከቤት ትተን እንውጣ፣ አለዚያም ከመኪናው አብረን እናውርደው። ይኸው ምክር ለሕፃናት በበለጠ ጥንቃቄ ሊሠራበት ይገባል።